ከቤት የወጣው ሙቀት የት ይገባል?

እ.ኤ.አ. በ2025 በጁን ማብቂያና በጁላይ መጀመሪያ ፈረንሳይ በሐሩር ስትጠበስ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ወይም በከፊል ተዘጉ። የኤፍል ማማ ጫፍም ለጎብኚዎች ዝግ ሆነ። በዚያው ሰሞን የቀኝ አክራሪው ፓርቲ የፓርላማ ቡድን መሪ ማሪን ለፔን፣ ሥልጣን ብንይዝ አየር ማቀዝቀዣን (ኤሲን) ለአገሪቱ የሚያዳርስ ታላቅ ዕቅድ እናወጣለን አሉ። የሥነ ምህዳር ሽግግር ሚኒስትሯ አኜስ ፓኒዬ ሩናሼ በበኩላቸው መሣሪያው ለአቅመ ደካሞች እንደሚያስፈልግ ሳይክዱ፣ በየቦታው ከተተከለ ግን ጎዳናውን ያሞቃል ሲሉ መለሱ። ከዚያ ወዲህ ኤሲ የግራና የቀኝ መለያ ሆነ። ስለ መሣሪያው የሚሰጡት አስተያየት ለማን እንደሚመርጡ ይናገር ጀመር።

ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት ነው፤ የያዙት ግን ከፊሉን ነው። ኤሲ ነፍስ ያድናል። ኤሲ መንገድ ያሞቃል። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አጣምሮ መያዝ ለፖለቲከኛ ይከብደዋል፤ ለመሐንዲስ ግን የዕለት ሥራው ነው። ከጩኸቱ መካከል የጠፋው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከቤት የወጣው ሙቀት በስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ከፍታ ላይ፣ ወደ ምን ይደፋል? ወደ ጠባብ ግቢ፣ ከጣሪያ በላይ ወዳለ አየር፣ ወደ ወንዝ ወይስ ወደ አፈር? የከተማው ሌሊት የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው።

ኤሲ በእርግጥ ምን ይሠራል?

ቅዝቃዜ የሚያመርት ማሽን የለም። ኤሲም ሆነ ወጥ ቤት ያለው ፍሪጅ ሙቀትን ከአንድ ቦታ አንስተው ሌላ ቦታ ያራግፋሉ፤ መሐንዲሶች ሁሉንም በአንድ ስም የሙቀት ፓምፕ የሚሏቸው ለዚህ ነው። በቧንቧ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ቤት ውስጥ ሲተን ሙቀት ይጠጣል። ኮምፕሬሰሩ የተነነውን ጋዝ ይጨምቀዋል፤ ጋዙ በጣም ይግላል። ውጪ በተሰቀለው ክፍል ውስጥ ወደ ፈሳሽነት ሲመለስ የጠጣውን ሙቀት ይተፋል። አቅጣጫው ሲገለበጥ ያው መሣሪያ በብርድ ወቅት ከውጪው አየር ሙቀት ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል።

ሃያ ካሬ ሜትር ያህል ክፍል የሚያቀዘቅዝ የተለመደ መሣሪያ እንውሰድ። ሙሉ አቅሙን ሲሠራ በአንድ ሰዓት ውስጥ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ከቤት ያወጣል፤ ለዚህም 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይበላል። ኤሌክትሪኩም በመጨረሻ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ወደ ውጪ የሚወጣው የሁለቱ ድምር ነው፤ 3.2 ኪሎዋት ሰዓት። ይህ እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚስበው ኃይል ብዙም አይርቅም። ሃያ ቤቶች ያሉበት ሕንጻ ኤሲውን በአንድ ጊዜ ቢከፍት ሃያ ምጣድ በአንድ ግቢ ተጥዶ አደረ ማለት ነው።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቆመኝ ይችላል። ከቤት የወጣው ሙቀት መጀመሪያስ የገባው ከውጪ አይደለምን? በመስኮት የገባ ፀሐይ፣ በግድግዳ የሰረገ ሐሩር ነው። ወደ መጣበት ቢመለስ ምን ተጨመረ? ተቃውሞው ትክክል ነው። በሳምንት ሒሳብ ከታየ በከተማው ላይ በእርግጥ የተጨመረው በዋናነት የኤሌክትሪኩ ድርሻ ነው። ነገር ግን ሰው የሚታመመው በሳምንት አማካይ ሳይሆን ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለውና ልቡ ማረፍ ሲያቅተው ነው። ኤሲ የሌለው ሕንጻ ቀን የጠጣውን ሙቀት በግድግዳውና በወለሉ አምቆ ቀስ እያለ ይለቃል፤ መከራው የነዋሪው ነው፤ መንገዱን ግን ያን ያህል አይነካም። ኤሲ ያለው ሕንጻ ያንኑ ሙቀት፣ የኤሌክትሪኩን ድርሻ ጨምሮ፣ እዚያው ሰዓት ላይ ወደ ጎዳና ያራግፈዋል።

አንድ የተለመደ መጽናኛም እዚህ ይፈርሳል። ኤሌክትሪኩ ከፀሐይ፣ ከነፋስ ወይም ከግድብ ከመጣ ኤሲው ንጹሕ ነው ይባላል። ስለ ካርቦን ከሆነ የምናወራው፣ አዎን። ፈረንሳይ አብዛኛውን ኤሌክትሪኳን ከኑክሌር ስለምታገኝ ክርክሩ እዚያ ጉልበት አለው። የግቢው አየር ግን ኤሌክትሪኩ ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። ከዓባይ የመነጨ ኪሎዋት ሰዓትም፣ ከድንጋይ ከሰል የመነጨ ኪሎዋት ሰዓትም ኮምፕሬሰር ውስጥ ገብቶ ሲወጣ እኩል ያሞቃል።

በቧንቧው ውስጥ ስለሚዘዋወረው ጋዝም ጥቂት ማለት ይገባል፤ ነገሩ ከመንገዱ ሙቀት ጋር ሳይሆን ከመላው ዓለም ሙቀት ጋር የሚያያዝ ቢሆንም። ለረጅም ጊዜ ገበያውን ይዞ የቆየው አር-410ኤ ቢያፈስ እያንዳንዱ ኪሎ በመቶ ዓመት ስሌት ከሁለት ሺህ ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ የጸደቀው፣ ኦዞንን ለመጠበቅ የተደረገው የሞንትሪያል ስምምነት ማሻሻያ እንዲህ ያሉትን ጋዞች ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ ነው፤ በምትካቸው ፕሮፔን እየገባ ያለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ግማሽ ዲግሪ፣ ሁለት ዲግሪ

ፓሪስ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ የምትሆነው በሐሩር የተጎዳች፣ በኤሲ ግን ገና ያልተሞላች ከተማ በመሆኗ ነው። በኦገስት 2003 በፈረንሳይ ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ሰው በሙቀት ምክንያት ከተለመደው በላይ ሞተ። በፓሪስ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በታች ሳይወርድ የነጋባቸው ሌሊቶች ነበሩ። በጁላይ 2019 ደግሞ ቴርሞሜትሩ 42.6 ዲግሪ ደርሶ ከ1947 ጀምሮ የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ይህም ሆኖ በአገሪቱ ኤሲ ያለው ቤተሰብ በ2020 ከአራት አንድ ያህል ብቻ ነበር። በአሜሪካና በጃፓን ከአሥር ዘጠኙ አላቸው።

በፈረንሳይ የሚቲዎሮሎጂ ተቋም በሜቴዎ ፍራንስ ተመራማሪዎች የተመራ ቡድን የ2003ቱን ሐሩር በኮምፒውተር መልሶ ሠርቶ ውጤቱን በ2013 አሳተመ። ጥያቄው ቀጥተኛ ነበር፦ የከተማዋ ኤሲዎች የመንገዱን አየር በስንት ያሞቁታል? በወቅቱ የነበሩት መሣሪያዎች ጭማሪ ግማሽ ዲግሪ ያህል ሆኖ ተገኘ። ትልልቅ ሕንጻዎች ከሙቀታቸው የተወሰነውን የሚያወጡት ውኃ በማትነን ነው፤ ያ ቀርቶ ሁሉም በደረቅ አየር ቢወጣ ጭማሪው ወደ አንድ ዲግሪ ያድጋል። የሚወጣው ሙቀት በእጥፍ ቢያድግ ደግሞ ሁለት ዲግሪ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። በሐሩር ሌሊት የፓሪስ መሐል ከዙሪያዋ ገጠር ስምንት ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊሞቅ ይችላል። የዚህ ሁሉ ልዩነት ባለቤት ድንጋዩ፣ ዚንኩ፣ አስፋልቱ፣ የዛፍ እጦቱና ሰማይ የማያሳየው ጠባብ መንገድ ነው። ኤሲ ባይኖር ኖሮ ከተማዋ ቀዝቃዛ ትሆን ነበር የሚል ሰው የከተማውን አስፋልት ረስቷል። ግማሽ ዲግሪ ምንም አይደለም የሚለው ደግሞ ሌሊቱን ረስቷል።

ሌሊት ለምን? ቀን ፀሐይ መሬቱን ስታግል አየሩ እየተናወጠ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ይቀላቀላል፤ ከኤሲ የወጣው ሙቀት በዚያ ሁሉ አየር ውስጥ ይበተናል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚቀላቀለው ንብርብር ወደ ጥቂት መቶ ሜትሮች፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ያው ሙቀት በትንሽ አየር ላይ ሲያርፍ ብዙ ያግለዋል። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአሜሪካ በረሃ ስላለችው ፊኒክስ ከተማ በ2014 ያወጡት ጥናት ይህንኑ ቁልጭ አድርጎ አሳየ፦ የኤሲ ሙቀት ቀን ላይ የሚያመጣው ለውጥ እምብዛም ሲሆን፣ ሌሊት ግን በአንዳንድ ሰፈሮች ከአንድ ዲግሪ በላይ ይጨምራል። በቶኪዮ የቢሮ ሰፈሮችም በ2007 የታተመ ጥናት በሥራ ቀናት ከአንድ እስከ ሁለት ዲግሪ የሚደርስ ጭማሪ አግኝቷል። ቢሮዎቹ የሚዘጉበት ቅዳሜና እሑድ ሲመጣ ነገሩ ይረግባል። ለሙከራ ብሎ ማንም የማያዘጋጀውን ማነጻጸሪያ የሥራ ሳምንቱ ራሱ አዘጋጀው።

ከዚህም ሌላ አዙሪት አለ። ውጪው በሞቀ ቁጥር ኤሲው ሙቀቱን ወደ ውጪ ለመግፋት የበለጠ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ የበለጠ ኤሌክትሪክ ማለት የበለጠ ሙቀት ነው። አዙሪቱ ገደብ የለሽ አይደለም፤ ከተማ በኤሲ ምክንያት አይቀልጥም። ነገር ግን የኃይል ማስተላለፊያው ከሁሉም በላይ በሚጨነቅበት ሰዓት የሚመጣ ጭነት ነው።

የውስጥ ግቢ

አማካይ ቁጥር የማያሳየው ነገር አለ። ግማሽ ዲግሪ የተባለው ለሰፈር እንጂ ለአንድ መስኮት አይደለም። የድሮውን የፓሪስ ሕንጻ ለሚያውቅ ነገሩ በውስጥ ግቢው ይታያል። ወደ ጎዳና የሚያየው ገጽታ የተቀረጸ ድንጋይ ነው፤ እዚያ ላይ ማሽን ለመስቀል የከተማውን ፈቃድም፣ የጋራ ባለቤቶችን ስምምነትም ይጠይቃል፤ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ መሣሪያው ወደ ኋላ ይሄዳል። የኋላው ግቢ አራት ግድግዳ ያለው ጉድጓድ ይመስላል፤ ስፋቱ ጥቂት ሜትር፣ ቁመቱ ስድስት ፎቅ። የወጥ ቤትና የመኝታ ቤት መስኮቶች ሁሉ ወደዚያ ይከፈታሉ። ነፋስ አይደርስበትም።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው ባለቤት መስኮቱን ዘግቶ ኤሲውን ይከፍታል። ከውጪው ክፍል የሚወጣው ግለት ግድግዳውን ተከትሎ ሽቅብ ይሄዳል፤ ሙቅ አየር መንገዱ ወደ ላይ ነውና። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ማሽን የሰቀሉ ካሉ ከታች የመጣውን የሞቀ አየር ስበው የበለጠ አሙቀው ይሰዱታል፤ ማሽናቸውም በዚያው ልክ ይደክማል። ይህ ሁሉ በመጨረሻ የሚደርሰው ከጣሪያው ሥር ነው። እዚያ ያሉት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ለቤት ሠራተኞች የተሠሩ፣ ብዙዎቹ አሥር ካሬ ሜትር የማይሞሉ ክፍሎች ናቸው። ከላያቸው ያለው በዚንክ የተሸፈነ ጣሪያ ነው። የዚንክ ጣሪያ ሠራተኞቹ ጥበብ በ2024 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል፤ ከቆርቆሮ ሥር የኖረ ሰው ግን በቀትር እንደዚያ ዓይነት ጣሪያ ሥር መተኛት ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረው አያስፈልግም። ዛሬ የሚኖሩበት ተማሪዎች፣ አነስተኛ ገቢ ያላቸው ሠራተኞችና ስደተኞች ናቸው። ያላቸው ብቸኛ ማቀዝቀዣ ሌሊት መስኮት መክፈት ነው። መስኮቱ ሲከፈት የሚገባው አየር ደግሞ ያው ከታች የመጣው ነው።

ከ2003 በኋላ በሟቾች ላይ የተደረገ ምርመራ ከጣሪያ ሥር ባለ ክፍል መተኛት የሞት አደጋን ከፍ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ መሆኑን አሳይቷል። በእኔ እይታ የኤሲ ክርክር ዋናው ነጥብ ይህ ነው፤ መሣሪያው የሚያቀዘቅዘው ሰውና የሚያሞቀው ሰው አንድ አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ በገቢም አይገናኙም።

ፈቃድ ያጣው ሌላው ነዋሪ ደግሞ በተሽከርካሪ እግር የሚገፋ፣ ቱቦውን በመስኮት የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ኤሲ ይገዛል። ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። የክፍሉን አየር በቱቦው ሲተፋ በምትኩ በበርና በመስኮት ስንጥቅ የሞቀ የውጪ አየር ይገባል፤ ማሽኑ እያቀዘቀዘ ያስሞቃል። ውበት ለመጠበቅ ተብሎ የወጣው የፈቃድ ሕግ ደህናውን መሣሪያ ከልክሎ ደካማውን ማበረታታቱ በማንም ላይ ሊፈረድ የማይችል፣ ሆኖም ሊታረም የሚገባው ነገር ነው።

ስለዚህ ይከልከል? እዚህ ላይ ከአረንጓዴዎቹ፣ ከአካባቢ ጥበቃ ፖለቲከኞቹ፣ ጋር እለያያለሁ። በአሜሪካ የአንድ ክፍለ ዘመን የሞት መዛግብትን የመረመሩ ኢኮኖሚስቶች በ2016 ባሳተሙት ጥናት በጣም ሞቃት ቀን የሚያስከትለው የሞት አደጋ በሰባ አምስት ከመቶ ያህል መውረዱን፣ ለዚህም ከ1960 በኋላ በየቤቱ የገባው ኤሲ ዋናው ምክንያት መሆኑን አሳይተዋል። ይህን አውቆ ለሰማንያ ዓመት አዛውንት "ለጎዳናው ሲሉ ይታገሡ" ማለት ጭካኔ ነው። የሱቅ በር ከፍቶ መንገዱን ማቀዝቀዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ፓሪስ በጁላይ 2022 ኤሲ እያሠሩ በራቸውን በሚከፍቱ ሱቆች ላይ 150 ዩሮ ቅጣት ጣለች፤ ፍትሐዊ ነው። በፈረንሳይ ደንብ ደግሞ የቤት ውስጥ ሙቀት 26 ዲግሪ ሳያልፍ ኤሲ አይከፈትም፤ ማን ገብቶ እንደሚለካ ግን እንጃ።

ለብርድ የተገዛው ማሽን

ነገሩን የሚያወሳስበው የሙቀት ፓምፕ አውሮፓ የሚገባው በሌላ በር መሆኑ ነው። ከ2022ቱ የዩክሬን ጦርነት በኋላ ከሩሲያ ጋዝ ለመላቀቅ መንግሥታት የጋዝ ማሞቂያዎችን በሙቀት ፓምፕ እንዲተኩ ሕዝቡን ሲያበረታቱ ቆይተዋል። በብርድ ወቅት ውጤቱ ያማረ ነው፤ ፓምፑ ከመንገዱ አየር ሙቀት ስለሚወስድ ከተማዋን በጥቂቱ ያቀዘቅዛታል፤ የጭስ ማውጫም የለውም። ነገር ግን አየርን በቀጥታ የሚያሞቀው ዓይነት በአንድ አዝራር ተገልብጦ ኤሲ ይሆናል። ውኃ አሙቆ በድሮ ራዲያተር የሚያዞረው ዓይነት ይህን በቀላሉ አይችልም፤ ቀዝቃዛ ራዲያተር ጤዛ ያንጠባጥባልና። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ለብርድ ብሎ በገዛው መሣሪያ ጁላይ ላይ ይቀዘቅዛል። ሚኒስትሯ ስለ ኤሲ ሲያስጠነቅቁ ጎረቤት መሥሪያ ቤት ኤሲን እያስፋፋ ነበር።

ማሽኑ መግባቱ ካልቀረ ሙቀቱን ከአየር ሌላ የሚቀበል ነገር መፈለግ ነው። ፓሪስ እዚህ ላይ የሚያስቀና ነገር አላት። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በከተማዋ ሥር የቀዝቃዛ ውኃ ቧንቧ ተዘርግቷል፤ ማዕከላዊ ጣቢያዎች ውኃውን ያቀዘቅዛሉ፤ ከሕንጻዎቹ የተሰበሰበው ሙቀት በከፊል ወደ ሴን ወንዝ ይሄዳል፤ ወንዙ ቀዝቃዛ በሆነበት ወቅት ኮምፕሬሰር ሳያስፈልግ በቀጥታ ያቀዘቅዛል። ሉቭር ሙዚየም ከደንበኞቹ አንዱ ነው። በ2022 የተጀመረው አዲስ የሃያ ዓመት ውል መረቡን ከ90 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ሊያደርስ ያቅዳል። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ቧንቧው የሚደርሰው ለሙዚየም፣ ለቢሮ፣ ለትልልቅ ሱቆችና ለሆስፒታል እንጂ ከዚንኩ ሥር ላለው ክፍል አይደለም። ወንዙም የራሱ ልክ አለው፤ በሐሩር ወቅት ሞቆ የሚፈስ ወንዝ ላይ ተጨማሪ ሙቀት መድፋት ዓሣውን ይጎዳል።

ሌላው መቀበያ አፈር ነው። ጥቂት ደርዘን ሜትሮች ወደ ታች ሲወረድ የመሬቱ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። በሐሩር ወራት ከቤት የወጣውን ሙቀት ወደዚያ መስደድና በብርድ ወቅት መልሶ ማውጣት ይቻላል። ታምራት ቶላ በማራቶን ወርቅ ባጠለቀበት የ2024ቱ ኦሎምፒክ የአትሌቶቹ መንደር የተሠራው በዚህ መንፈስ ነበር፤ በወለሉ ሥር የተዘረጋው ቧንቧ ከመሬት በሚገኝ ቅዝቃዜ ክፍሎቹን እንዲያቀዘቅዝ ታቅዶ መደበኛ ኤሲ ሳይገባ ቀረ። የከተማዋ ከንቲባም በዚህ ጸኑ። የየአገሩ ቡድኖች ግን አላመኑም፤ ወደ 2,500 ተንቀሳቃሽ ኤሲ ታዘዘ። በእነሱ አልፈርድም፤ አራት ዓመት የተለፋበትን ሩጫ በአንድ ሌሊት እንቅልፍ እጦት ማን ያጣል? ነገር ግን በጥንቃቄ የተሠራ ሥርዓት እንኳ እምነት ሳያገኝ ሲቀር ሰው ወደ ደካማው መሣሪያ እንደሚሮጥ ያሳያል።

በ2020 የታተመ ሌላ የፓሪስ ጥናት ዛፍና ሣር መትከል፣ ሕንጻዎችን ከሙቀት መከላከልና የአጠቃቀም ልማድን መለወጥ በአንድነት ምን ያህል እንደሚረዱ ለክቷል። እነዚህ ሁሉ ቢሠሩም ኤሲን ፈጽሞ አይተኩም፤ በሐሩር ወቅት የሚበላውን ኃይል ግን በግማሽ ይቀንሳሉ፤ መሣሪያው ወደ መንገድ የሚለቀውንም ሙቀት ማካካስ ይችላሉ። በእኔ ግምት ከዚህ ጥናት የበለጠ ክርክሩን የሚዘጋ የለም፤ ሆኖም በቴሌቪዥን ክርክሩ ላይ ሲጠቀስ አይሰማም።

መንገዱ እስከ መጨረሻው ከተኬደ የት እንደሚያደርስ ፊኒክስ ታሳያለች። በ2023 ከጁን 30 ጀምሮ ለ31 ተከታታይ ቀናት የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ከ43 ዲግሪ አልወረደም፤ በጁላይ አንድ ሌሊት ዝቅተኛው 36 ዲግሪ ነበር። ፊኒክስን ያካተተው የማሪኮፓ ካውንቲ በዚያ ዓመት 645 ሰዎች በሙቀት መሞታቸውን መዝግቧል። ኤሲ የሌለው ቤት እዚያ ብርቅ ነው። ቤታቸው ውስጥ ከሞቱት አብዛኞቹ ኤሲ ነበራቸው፤ ግን ተበላሽቶ ወይም ተዘግቶ ነበር። ሌሊቱ እንዲህ በሞቀ ከተማ የመሣሪያው ብልሽት ሞት ይሆናል።

ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የኖሩ ወገኖቻችን ይህን ታሪክ ከቁጥር ውጪ ያውቁታል። በኩዌት በሐሩር ወራት የኤሌክትሪኩ ጭነት ጫፍ ላይ ሲደርስ ሰባ ከመቶ ያህሉ የኤሲ ነው። ከሕንጻው በስተኋላ ባለው መተላለፊያ ቆሻሻ ሊጥል የወጣ ሠራተኛ ፊቱን የሚመታው ትንፋሽ የውስጡ ቅዝቃዜ ሌላ ገጽ ነው። እዚያ አፈርን እንደ መጋዘን መጠቀም ብዙም አያዋጣም፤ የተቀመጠውን ሙቀት መልሶ የሚፈልግ ብርድ የለም፤ አፈሩ ከዓመት ዓመት እየሞቀ ይሄዳል። ውኃ በማትነን ማቀዝቀዝም ውኃው ራሱ ከባሕር ተጣርቶ በሚመጣበት አገር ውድ ነው።

የእኛ ቆላ ከተሞች፣ ድሬዳዋ፣ ሰመራ፣ ጋምቤላ፣ ወደዚህ መንገድ ገና መግባታቸው ነው። ዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ በ2018 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ሞቃታማ ክፍሎች ከሚኖረው 2.8 ቢሊዮን ሕዝብ ኤሲ ያለው ስምንት ከመቶ ብቻ እንደነበር ገልጿል። በዓለም ያለው የኤሲ ቁጥርም በ2050 ከ1.6 ቢሊዮን ወደ 5.6 ቢሊዮን እንደሚያድግ ተንብዮአል። ከዚህ ዕድገት ብዙው በእኛ ዓይነት ከተሞች ነው የሚሆነው። መሣሪያው ይምጣ፤ የድሬዳዋ አራስና የጋምቤላ ሕመምተኛ ከፓሪስ አዛውንት የሚያንሱበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ድሬዳዋ ከማሽኑ በፊት የምታውቀው ነገር አለ። የባቡሩ ኩባንያ ፈረንሳውያን ከመቶ ዓመት በፊት የቀየሱት ከዚራ እስከ ዛሬ በቀትር የሚያስኬድ ጥላ ያለው ሰፈር ነው፤ መንገዱ ዛፍ፣ ቤቱ በረንዳ አለው። በቀን ግድግዳው ላይ ፀሐይ ካላረፈ ሌሊት ፓምፑ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፤ ሒሳቡ ይኸው ነው። አዲሶቹ ሰፈሮች በዛፍ ፈንታ ኮብልና ኮንክሪት ለብሰው ሲወጡ ግን ነገ የሚገዛው የኤሲ መጠን ዛሬ እየተወሰነ ነው።

አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ዓይነት እንቆቅልሽ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ማታ ጋቢ በሚያስደርብ አየር መካከል፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሱ ሕንጻዎችን ሠርተን ውስጣቸውን በኤሲ እናቀዘቅዛለን። መስታወቱ ፀሐይዋን ያስገባል፤ መስኮቱ አይከፈትም፤ ማሽኑ ያወጣል። የውጪው አየር በነጻ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ለማሽን የሰጠነው ለመልክ ስንል ነው፤ ይህን ያህል ሳያስፈልጋት ኤሲ የገዛች ከተማ ብዙ አላውቅም።

ከፓሪስ ልምድ ለእኛ ቀርቦ የሚታየኝ ትንሹ ነገር ነው። በአፓርታማ ዲዛይን ወቅት የውጪ ክፍሎቹ የሚቀመጡበት ቦታ አይታሰብም፤ ነዋሪው ከገባ በኋላ እያንዳንዱ ባገኘው ግድግዳ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በጎረቤቱ መስኮት ትይዩ፣ ይሰቅላል። ከየቤቱ እስከ ጣሪያ የሚደርስ አንድ የጋራ የቧንቧ መስመርና ጣሪያው ላይ ነፋስ የሚያገኝ የማሽን ቦታ በንድፉ ላይ ቢሰመር ሙቀቱ ከመስኮቶች በላይ ይወጣል፤ በብዙ ነፋስ ይበተናል። በረጃጅም ሕንጻዎች መስመሩ ስለሚረዝም ሌላ መላ ይጠይቃል፤ በአምስትና በስድስት ፎቅ ግን ይሠራል። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል የመኪና ማቆሚያ ቁጥር እንደሚጠይቀው ይህንንም ቢጠይቅ ወጪው ሲሚንቶው ሳይፈስ ጥቂት ነው፤ ሕንጻው ተጠናቆ ነዋሪው ከገባ በኋላ ግን ግድግዳ መቦርቦር፣ የጋራ ባለቤቶችን ማስማማት፣ የተሰቀለውን ማውረድ ይመጣል። ፓሪስ ዛሬ የምትታገለው ከዚህ ጋር ነው።